«እጁን ጫነባት፤ ዳነች»፦ በፋንታሲና በሳይንስ ፊክሽን የስሜት ቁስልን ስንጽፍ የምንሳሳታቸው

የጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ፋንታሲና ሳይንስ ፊክሽን ናቸው። ዘንዶው ይለያያል፣ መርከቡ ይለያያል፣ ፕላኔቱ ይለያያል። የባለታሪኩ ቁስል ግን ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ይበላሻል። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ስህተት እንደገና ሳገኘው፣ ቁጭ ብዬ ልጽፍበት ወሰንኩ።

ልጅቷ ከተማዋ ሲቃጠል አይታለች። እናቷን ከፍርስራሽ ሥር በእጇ ቆፍራ አውጥታለች። ለ200 ገጽ እንቅልፍ የላትም። ከዚያ አንድ ፈዋሽ ይመጣል፣ እጁን ግንባሯ ላይ ይጭናል፣ ብርሃን ይወጣል፣ በቃ ዳነች። በሳይንስ ፊክሽን ደግሞ በእጁ ምትክ ማሽን ይመጣል፤ ክፉው ትዝታ ይሰረዝላታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! 200 ገጽ ሙሉ አብሯት ሲጨነቅ የከረመው አንባቢ ባዶ እጁን ይቀራል። እንዲህ ያለ ሌሊት በራሱ ሕይወት ያሳለፈ አንባቢም አለ። እሱ ፈዋሹም ማሽኑም የለውም። መጽሐፉን የከፈተው ሕመሙን የሚያውቅለት ሰው ፍለጋ ነበር።

አስማቱን አውጡት አላልኩም። ዋጋ ያስከፍል ነው የምለው። ትዝታው ሲሰረዝ የእናቷ ድምፅም አብሮ ይጥፋባት። ወይም አእምሮዋ ይርሳ፣ ሰውነቷ ግን አይርሳ። ጭስ ሲሸታት እጇ ይንቀጠቀጥ፤ ለምን እንደሆነ አትወቅ። ንጹሕ እጇን ደጋግማ ትታጠብ። ያኔ ከማሽኑ ሌላ ታሪክ ይወለዳል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ያደረገውን ተመልከቱ። ባለታሪኩ ፍሮዶ በጩቤ ሲወጋ፣ በፈውስ ጥበቡ የታወቀው ኤልሮንድ ራሱ አክሞታል። ጦርነቱም በድል አልቋል፤ ፍሮዶ አገሩ ገብቷል። ሆኖም የተወጋበት ቀን ዞሮ ሲመጣ ያመዋል። በመጨረሻም የሚወደውን አገሩን ትቶ በመርከብ ይሄዳል። ቶልኪን ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦር ግንባር ነበር።

ሌላው ስህተት፣ የፈጠራችሁት ዓለም ለአንባቢው እንግዳ መሆኑን መርሳት ነው። በተራ ልብ ወለድ በር በኃይል ሲዘጋ ወታደሩ ቢደነግጥ ማብራሪያ አያስፈልገንም። እናንተ ፕላኔት ላይ ግን ወራሪዎቹ የመጡት ሁለተኛዋ ጨረቃ ስትወጣ ከሆነ፣ ያቺን ጨረቃ በሰላሙ ጊዜ አስተዋውቁን። ሰዎች በብርሃኗ ሲጨፍሩ፣ ልጁ እስኪያንቀላፋ ድረስ በመስኮት ሲያያት አሳዩን። ከጥቃቱ በኋላ ጨረቃዋ ስትወጣ መጋረጃውን ይዝጋ። «ፈራ» ብላችሁ መጻፍ አያስፈልጋችሁም።

ቤተሰቡን ምዕራፍ አንድ ላይ ገድላችሁ እስከ መጨረሻው ካላነሳችኋቸው፣ መጀመሪያውኑ አትግደሏቸው።

ሴት ገጸ ባሕሪን «ጠንካራ» ለማድረግ ብሎ መደፈርን ማምጣት ደግሞ ከእንግዲህ ጨርሶ ሊቀር ይገባል።

የሚቀጥለው የእኔም ስህተት ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዴ ውስጥ ከጠፈር ጦርነት የተመለሰ አብራሪ ነበር። ምዕራፍ አራት ላይ ለወዳጁ ሁሉንም ነገር ሦስት ገጽ ሙሉ፣ በቅደም ተከተል፣ ባማረ ቋንቋ አስወራሁት። ጦርነት ያየ አንድ ሰው አነበበልኝና፣ «እኔ ስለዚያ ቀን ስጠየቅ የማወራው ስለ ጫማዬ ነው» አለኝ። ጫማው ውኃ ያስገባ ነበር። ከዚያ በላይ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሦስቱን ገጾች አወጣኋቸው። አብራሪዬ አሁን የሚያወራው ስለተበላሸ የእጅ ጓንት ነው።

ምልሰትም ላይ፣ ማለትም ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሲያሳይ፣ እንዲሁ ነው። የክፉ ቀን ትዝታ እንደ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተስተካክሎ አይመጣም። ሽታ ይመጣል፣ አንድ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ይቋረጣል። አሜሪካዊው ደራሲ ከርት ቮኔጋት እ.ኤ.አ. በ1945 የጀርመኗ ከተማ ድሬስደን በቦምብ ስትነድ የጦር እስረኛ ሆኖ እዚያው ነበር። ስለዚያ የጻፈውን ልብ ወለድ፣ «ስሎተርሃውስ ፋይቭ»ን፣ ያሳተመው በ1969 ነው። ባለታሪኩ ጊዜ ከእጁ አምልጦት ካንዱ ዘመን ወደ ሌላው ይወረወራል፤ የሌላ ፕላኔት ፍጡራንም ይወስዱታል። የዘመን ዝላዩ የተሰባበረውን ትዝታ መልክ ይዟል። ይህ መሣሪያ በእጃችን እያለ ለምን ቀጥ ያለ ምልሰት እንጽፋለን?

ቁስሉን ለማሳየት ቅዠት ብቻም አይብቃችሁ። መርከቧን በእሳት መሃል ረግታ የምትመራ አዛዥ፣ ከጓደኞቿ ጋር እራት መቀመጥ ሊያቅታት ትችላለች።

ስሙንም አስቡበት። የንጉሡ ሐኪም «ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም» ብሎ ሲመረምር ካነበብኩ፣ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቼ ክሊኒክ ገባሁ ማለት ነው። ይህ መጠሪያ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የእናንተ መንደርተኞች ምን ይሉታል? «ጥላው ቀድሞት ይሄዳል» ይሉ ይሆናል። ስሙን ስትፈልጉ፣ ሰዎቹ በሽተኛውን ያቅፉት ወይም ይሸሹት እንደሆነም ታገኛላችሁ።

ያለፈውን ሳምንት ረቂቅ ለጸሐፊዋ ስመልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩበት፦ «በማግስቱ ጠዋት ጭስ ሲሸታት ምን ታደርጋለች?» ትናንት 11 አዲስ ገጽ ላከችልኝ። ፈዋሹ አሁንም አለ። ልጅቷ ግን እሳት በሚነድበት ክፍል አታድርም።