የበቆሎ ቆረቆንዳውን አትጣሉት፣ የማሳ ውሃ ያጣራል

ከማሳችሁ የሚወጣው ውሃ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚገባ ከሆነ ይቺን ልብ በሉ። ውሃው ብቻውን አይሄድም፤ ከማዳበሪያው የተረፈውን ናይትሬት ጠራርጎ ነው የሚሄደው። ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርገው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ውሃው በሚወጣበት በኩል ረዘም ያለ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውስጡን ፕላስቲክ አንጥፉበትና በደረቅ ቆረቆንዳ ሙሉት፣ ከላይ አፈር አልብሱት። ውሃው በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያዎች የቆረቆንዳውን ካርቦን እየተመገቡ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው።

ዋናው ጉዳይ ፍጥነቱ ነው። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት አለበት፤ ቶሎ ካለፈ ናይትሬቱን ይዞ ይወጣል። መውጫው ጋ የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ ግን ከልክ በላይ ቆይቷል ማለት ነው። መውጫው ላይ የሚገጠመውን የውሃ መዝጊያ ከፈት አድርጉት።

መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል። እሱን ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ሣር ልቀቁት።

ቆረቆንዳ ከእንጨት ስብርባሪ ይልቅ ናይትሬትን ፈጥኖ ያስወግዳል፤ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። በየጊዜው መቀየሩን ከአሁኑ አስቡበት። ፎስፈረስ ካስቸገራችሁ ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፣ ከቆረቆንዳ ብዙ አትጠብቁ።