የደነዘዘ እግር ከከሰል ምድጃ ሲገናኝ፦ በነርቭ ጉዳት ላይ ተደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

እግርን እሳት ማሞቅ

ደሴ ኅዳር ሲገባ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስኳር ያለበት፣ እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ ዓመት ያለፈው ሰው ማታ ቡና ሲፈላ እግሩን ወደ ምድጃው ይዘረጋል። ከአቦል እስከ በረካ አያነሳውም። ጠዋት ካልሲውን ሲያወልቅ የውስጥ እግሩ ቆዳ አብሮ ይነሳል። ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም አላመመኝም እኮ!» ቢያምህማ መቼ ትቃጠል ነበር?

ይህን ስህተት የሚሠሩት ግዴለሾች አይደሉም፤ ለእግራቸው የሚጨነቁት ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በቅጡ ማስረዳት ይገባል። ሙቀትንና ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ናቸው። ሲጎዱ እውነተኛውን መልእክት ማድረስ ያቆማሉ፣ በዚያው ላይ የሐሰት መልእክት መላክ ይጀምራሉ። ማቃጠሉ፣ መንዘሩ፣ ጉንዳን የሚሄድበት መምሰሉ ሁሉ ከዚሁ ነው። «በረዶ ሆነብኝ» የሚለውም እግር ብዙ ጊዜ አልቀዘቀዘም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የቤቱ ልጅ በእጇ ጀርባ ትንካው። ለእሷ ከሞቃት ብርዱ ያለው ነርቩ ውስጥ ነው፤ ፍም ቢደረደርለት አይሞቅም፣ ይቃጠላል እንጂ። ለእሷም ከቀዘቀዛት፣ በተለይ አንዱ እግር ብቻ ከሆነ፣ የደም ሥር ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ሲቃጠል ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ሙቅ ውሃም የእሳት ወንድም ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳን ለማቃጠል ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። እግር የሚታጠብበት ውሃ ከ37 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ ሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት የጤነኛ ሰው ክርን ይለካዋል። በሽተኛው በራሱ ጣት አይለካ፦ መደንዘዙ ወደ ጉልበት በተጠጋ ጊዜ የእጅ ጣቶችም ይጀምራቸዋል፣ ጣቱም እንደ እግሩ ይዋሸዋል። ከ5 ደቂቃ በላይ መዘፍዘፍ ቆዳውን አራሶ ይሰነጥቀዋል። ጨው መጨመሩ ያደርቀዋል እንጂ ነርቭ አያድንም። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ብርድ ልብስ ሥር ማስገባትም ያው ነው፤ ተኝተው ሳለ ስንት ሰዓት ተረከዝ ላይ እንደቆየ ማን ያውቃል?

ለብርዱ የማያጠብቅ የሱፍ ካልሲና ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃል። አንሶላ ሲነካው የሚያቃጥለው ሰው ከግርጌ ካርቶን ገልብጦ ብርድ ልብሱን ከእግሩ ከፍ ያድርገው።

«ነርቭ ነው» ብሎ መዝጋት

ጎረቤት «አብሽር፣ ብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ነርቭ ነው» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ነርቭ የተጎዳበት ቦታ ነው፤ ምን ጎዳው የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። በአብዛኛው የሚገኘው ስኳር ነው፤ ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው እግሩ ከደነዘዘ በኋላ ነው። በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም እንዲሁ ከሆነ፣ ስኳር ነው። አረቄ የሚያዘወትር ሰው ነርቩን መጠጡ ራሱ ይጎዳዋል፣ ምግብ ስለሚተውም ቫይታሚን ቢ1 ያጥረዋል። ኤችአይቪ፣ የኩላሊት ድክመት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም አሉ። ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ሥጋ ደዌ ይታሰብ። በሽታው የሚድን ነው፤ ለዚህ ሕክምና ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆየ ስም አለው። በእፍረት መቆየት ግን ጣት ያስከፍላል።

ቫይታሚን ቢ12 ሲያጥርም ነርቭ ይጎዳል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ሽሮ የለውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች አንድ ዐቢይ ጾም ማንንም አያደነዝዝም። የስኳር ክኒኑን ሜትፎርሚን ወይም የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለዓመታት የወሰደ፣ በዚያ ላይ ዕድሜው የገፋና ከጾም ውጭም የእንስሳ ምግብ የማይቀምስ ሰው ግን ይመርመር። ይህን ሰምቶ ሜትፎርሚን በራስ ፈቃድ ማቆም ሌላ ስህተት ነው።

ጓያ በመብላት የሚመጣውን ሽባነት ከዚህ መደንዘዝ ጋር ማምታታት በወሎ የተለመደ ነው። የጓያ ሽባነት የሚመጣው ከእጅና ከእግር ነርቭ ሳይሆን ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ነው፦ እግር ይገተራል፣ ይቆላለፋል፣ ስሜቱ ግን በአብዛኛው አይጠፋም።

ጤፍ ሲያጭድ ቁጢጥ ብሎ የዋለ ወይም ጫት ላይ እግሩን አጣጥፎ ከቀትር እስከ ማታ የተቀመጠ ሰው የአንድ እግሩ ፊት አልነሳ ቢለው ከጉልበቱ ሥር በውጭ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ይሆናል። አቀማመጡን ከተወ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ወገሻ ጋ ሄዶ ማስጠምዘዝ አያስፈልገውም።

የቫይታሚን መርፌ በየሳምንቱ መወጋት

እጥረት ላለበት መድኃኒት ነው፤ እጥረት ለሌለበት ብር ማባከን ነው። ከዚህ የሚብሰው ቢ6 ነው፦ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ያደነዝዛል። የቲቢ ታካሚ ግን ከአይሶኒያዚድ ጋር የምትሰጠውን የቢ6 ክኒን «ትንሽ ናት» ብሎ አይተዋት፤ የታዘዘችው እግሩ እንዳይደነዝዝ ነው።

ሕመሙ ሲጠፋ ዳነ ማለት

ያቃጥል የነበረ እግር ዝም ሲል ሁለት ትርጉም አለው፤ ነርቩ አገግሟል፣ ወይም ጨርሶ ሞቷል። ለመለየት ቤት ውስጥ የሚሠራ ፍተሻ አለ። ሰውየው ዐይኑን ይጨፍን። ሌላ ሰው የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ፣ በሁለቱም እግሮች በድምሩ 6 ቦታ፣ በጣቱ ጫፍ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይንካ። አይጫን፣ አይምታ፣ አይዳብስ፤ ያልተሰማውንም ደግሞ አይንካ። ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ማቃጠሉ ለጊዜው ሊብስ ይችላል። «መድኃኒቱ ነው ያመመኝ» ብሎ ማቋረጥ ሳይሆን ለሐኪሙ መናገር ነው የሚበጀው።

ከመድኃኒት ውጭ ያለውን ሕክምና ከቁም ነገር አለመቁጠር

የነርቭ ክር ሲያገግም የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በወር 3 ሳንቲሜትር። ከጉልበት እስከ ጣት ያለውን ለክተው ያካፍሉት፤ በሁለት ሳምንት ለውጥ መጠበቅ የማይሆነው ለዚህ ነው። የስኳር ነርቭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሥራው ጉዳቱን ባለበት ማቆም ነው። ስኳርን መቆጣጠር፣ መጠጥ ማቆም፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ። ኮምቦልቻ ሜዳው ይመቻል። የደሴ ቁልቁለት ጣትን ወደ ጫማው ጫፍ እየገፋ ስለሚያቆስል ሜዳ ተፈልጎ ይሂድ። ቁስል ካለ እርምጃው ይቁም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅና ጉልበትን ማሠራት ይቻላል።

እግሩ መሬቱን የማይሰማ ሰው ጨለማ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የሚዛን ልምምድ፦ ከባድ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን 10 ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም። ሰው አጠገብ ይኑር። ሌሊት መጸዳጃ ውጭ ከሆነ ባትሪ ከትራስ ሥር አይለይ።

እግርን በየቀኑ ማየት የሚረሳ ሰው ከሌላ ልማድ ጋር ያያይዘው። ሰጋጅ ለዉዱእ እግሩን በቀን 5 ጊዜ ያጥባል፤ ከዚህ የተሻለ የፍተሻ ሰዓት የለም። ግን በጣቶች መካከል በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ አይቅር፣ እርጥቡ ፈንገስ ይጠራል። ቫዝሊን ለተረከዝ ጥሩ ነው፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ።

ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር ቆዳ ያቃጥላል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ምላጭ አይነሳ። ጠበል መጠጣትና መጠመቅ ክኒን አያስቆምም።

ቀጠሮ መጠበቅ የማያስፈልግበት ጊዜ

ድክመቱ በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ እግሩ ከቀላና ካበጠ፣ ወይም ቁስሉ ከሸተተ ያኑ ቀን ሆስፒታል ነው።

የክት ጫማ አድርጎ መምጣት

ለምርመራ ሲመጣ ሰው የበዓል ጫማውን ያወጣል። የሚጠቅመው በየቀኑ የሚያደርገው፣ ያ ጎኑ የተበላው ነው፤ የት እንደሚጫነው የሚናገረው እሱ ነው። አዲስ ሲገዛም እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ ይለካ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። ከማጥለቅ በፊት ገልብጦ ማራገፍና እጅ አስገብቶ መዳበስ ነው፦ ጠጠር፣ ምስማር፣ አንዳንዴም የልጅ ብይ ይወጣል።