ተከራይ ተከራይን ሲያዋክብ የግቢ አስተዳዳሪ ምን ያድርግ?

በጅማ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ፣ በሃይማኖትም በብሔርም የተለያዩ ተከራዮች ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ተጋርተው በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ፣ አንዱ ሌላውን በማንነቱ ሲሰድብ ወይም ብቻዋን የምትኖርን ሴት ሲያዋክብ፣ ግቢውን የሚያስተዳድር ሰው «የራሳቸው ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል።

አቤቱታ ሲቀርብልዎ የተበዳዩን ቃል ለብቻው ይስሙ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተነገረውን ቃል እንዳለ፣ የምስክሮቹንም ስም በደብተር ይመዝግቡ። ከዚያ የተከሰሰውንም ያድምጡ። ቡና አስፈልቶ በሽማግሌ ማስታረቅ ለጩኸትና ለጽዳት ጠብ መልካም ነው፤ ዛቻ ወይም ጾታዊ ትንኮሳ ባለበት ግን ተበዳይዋን ካዋከባት ሰው ፊት ለፊት ማስቀመጥ በደሉን መድገም ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሳይዘገዩ ለፖሊስ ያሳውቁ።

ለአጥፊው የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይኑረው፤ ተቀባዩም ይፈርምበት። ካልታረመ ውሉን ለማቋረጥ በሕጋዊ መንገድ ይጠይቁ እንጂ ዕቃውን አያውጡ፣ መብራቱንም አይቁረጡበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ሰላም እንዲወርድ ብለው አቤት ያለችውን ሴት «አንቺው ልቀቂ» ይሏታል።