«ስንት ጂቢ ነው?» አትበሉኝ፦ ግራፊክስ ካርድ ስናወዳድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ ይህቺን ግጠምልኝ» አለኝ። አወጣኋት። ጂቲ 730 የምትባል ግራፊክስ ካርድ ናት፣ ምስሉን ሠርታ ወደ ስክሪን የምታወጣው ክፍል። ለምን እሷን እንደመረጠ ስጠይቀው በኩራት መለሰልኝ፦ «4 ጂቢ ናታ! ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጂቢ ነው፣ ግን ዋጋው እጥፍ ነው።»

ይኼን ነገር ስንቴ ሰማሁት! ከሱ ልጀምር።

«ስንት ጂቢ ነው?» ብሎ መጀመር

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው። ጂቢ (ጊጋባይት) የካርዱ ጉልበት አይደለም፣ ሚሞሪው የሚይዘው መጠን ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ቶሎ ይገባችኋል። ጂቢው ሮቶው ነው። ሮቶው 2,000 ሊትር ቢይዝም ቧንቧው እንደ ስክሪፕቶ ቀፎ ከቀጠነ ሻወር ውስጥ እንደቆማችሁ ሳሙናው ይደርቅባችኋል።

የልጁ 730 ሚሞሪዋ ዲዲአር3 የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ነው፣ የቧንቧው ስፋት 64 ቢት። በሰከንድ የምታሳልፈው 14 ጊጋባይት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 በጂዲዲአር5 128 ጊጋባይት ያሳልፋል። ዘጠኝ እጥፍ ነው! ኮር (ስሌቱን የሚሠሩትን ትናንሽ ክፍሎች) ከቆጠርን 384 ለ896። ይባስ ብሎ 96 ኮር ብቻ ያላት 730 አለች፣ ስሟ ያው 730 ነው።

ሻጩ አልዋሸም። 4 ጂቢ ናት አለ፣ 4 ጂቢ ናት። ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ልጁ ላይ ግን መጮህ አልቻልኩም፤ ብሩን ያጠራቀመው ክረምቱን ሙሉ ጌም ቤት ተቀጥሮ ነው። «ዛሬውኑ፣ ሳትገጠም፣ ሮጠህ ቀይራት» ብዬ ሰደድኩት።

መጀመሪያ ቺፑ (የካርዱ አንጎል) ምንድን ነው በሉ። ቀጥሎ የሚሞሪውን ዓይነት፣ ከዚያ ስንት ቢት እንደሆነ ጠይቁ። ጂቢ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጂቢ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለአዳዲስ ጌሞች 4 ጂቢ ዛሬ ይጠባል። ግን ደካማ ቺፕ ላይ ጂቢ ቢቆለል ምን ሊፈይድ?

ስሙ አንድ ስለሆነ ካርዱም አንድ ነው ማለት

እዚህ ጋ እኔም ወድቄያለሁ። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጂቢውን ስገዛ ከባለ 6ቱ የሚለየው በሚሞሪ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ኮሩንም ቀንሰውታል፤ 1,152 ለ1,280። አርቲኤክስ 3060ም እንዲሁ ነው። ባለ 12 ጂቢው 192 ቢት፣ ባለ 8ቱ 128 ቢት ነው። ጂቲ 1030 በጂዲዲአር5ም በዲዲአር4ም ይሸጣል፤ ሁለተኛውን አትንኩት። አርኤክስ 580 ስትገዙ «2048ኤስፒ» የሚል ካያችሁ፣ የ580 ልብስ የለበሰ 570 ነው።

ጭራሽ ሐሰተኛም አለ። የድሮ ጂቲኤስ 450 ባዮሱን (ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ፕሮግራም) ቀይረውለት «1050 ቲአይ ነኝ» ይላል፣ ዊንዶውስም ያምነዋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ክፈቱት። ብዙዎቹን ሐሰተኞች ራሱ ያጋልጣቸዋል። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ብራንድ ላይ መጨቃጨቅ

ኤምኤስአይ ነው ጊጋባይት (ኩባንያው)? ኤሱስ ነው ዞታክ? በዚህ ክርክር ስንት ማኪያቶ ቀዝቅዟል። ቺፑ በአብዛኛው የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ነው። እነዚህ ብራንዶች የሚጨምሩበት ሰሌዳውን፣ ማቀዝቀዣውንና ፋኑን ነው። ቺፑ አንድ ከሆነ፣ ከፋብሪካ ፍጥነቱን ከፍ ያደረጉለት ካርድ ከመደበኛው የሚበልጠው በጥቂት ፍሬም (በሰከንድ በሚያሳየው ምስል ብዛት) ነው። ልዩነቱ ያለው ድምፁ፣ ሙቀቱና ርዝመቱ ላይ ነው። በውዱ 3060 ዋጋ ርካሽ 3060 ቲአይ (ቺፑ ይበልጣል) ካገኛችሁ ዓይናችሁን ሳታሹ ውሰዱት።

ርዝመት ካነሳን፣ ኬዙን በሜትር ለኩ። ባለ ሦስት ፋን ካርድ 30 ሴንቲ ሊደርስ ይችላል። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ እንጂ ሌላ አይቀበሉም።

የውጭ ሪቪው ላይ ያየነውን ሙቀት እንዳለ መቀበል

«ቪዲዮው ላይ 65 ዲግሪ ነው ያለው፣ የኔ ለምን 74 ሆነ?» የሚሉኝ አሉ። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሲነፃፀር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢዞርም ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ብርዳችን ትንሽ ያካክሰዋል። አቧራችን ደግሞ ያን ያበላሸዋል። ከኮዬ ፈጬ የሚመጡልኝን ካርዶች ስፈታ በፋኑና በብረቱ መሀል እንደ ጋቢ የተደራረበ ቡናማ አቧራ ነው የማገኘው፤ በጣቴ ይዤ እንደ ጨርቅ እስባለሁ። እዚህ ዳር ላይ ለምትኖሩ ሁለት ካርድ ስታወዳድሩ ወፈር ያለ ማቀዝቀዣ ያለውንና ፋኑ በቀላሉ የሚፈታውን ምረጡ። የካርዱን ጌጥ መብራት እርሱት።

ፓወር ሰፕላዩን መርሳት

ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው፤ ጎኑ ላይ «500 ዋት» ተጽፏል። ስታነሱት እንደ ባዶ ክብሪት ቀላል ነው። ትልቁን ቁጥር ትታችሁ በ12 ቮልት በኩል ያለውን አምፔር አንብቡ። አንድ ጊዜ 14 አምፔር የሚል አጋጠመኝ። 12 በ14 ሲባዛ 168 ዋት ነው። 3060 ብቻውን 170 ይበላል። ፕሮሰሰሩ ጾሙን ሊያድር ነው?

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ 75 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150። ገመዱ ከሌለ በአዳፕተር እቀጥላለሁ እንዳትሉ። ያንን ያደረገ ደንበኛዬ ቤቱን ፕላስቲክ ፕላስቲክ አሸተተው፤ የቀለጠው ሶኬት እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። መብራት ሲጠፋም ንቀሉ፤ የሚመጣው እንደሄደው አይደለም።

ያገለገለ ካርድን በፎቶ መግዛት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር (ማምረት) ካበቃ ወዲህ ብዙ የቁፋሮ ካርድ ገበያ ወጥቷል። ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ ፓስታው (በቺፑና በማቀዝቀዣው መሀል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ተቀይሮለት ሸጋ ሆኖ የሚሠራ አለ። ብቻ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ላይ ሳታዩት በቴሌግራም ብር አትላኩ።

በመጨረሻ፣ ኬብሉ

ከወር በፊት ማታ ስልክ ተደወለ። አንድ የኮዬ ልጅ ነው። ሁለት ካርድ ተውሶ ቀኑን ሙሉ ሲያወዳድር ውሏል። «ጋሼ፣ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ሁለቱም 18 ፍሬም! ርካሹን ልግዛ?» አንዱ ከሌላው በእጥፍ የሚበልጥ ካርድ ነው። እኩል ሊሆኑ አይችሉም። ማታውን እንቅልፍ ነሳኝ፣ በነጋታው በዝናብ ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያወዳድር የዋለው የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ከራሱ ጋር ነው። ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁት። እናቱ አቦሉን ሳይቀዱ ሥራዬን ጨርሻለሁ። በረካውን ሳልጠጣ ግን አለቀቁኝም።