አንድን ሕንፃ ደጋግሞ ፎቶ በማንሳት የፎቶግራፍ ችሎታን እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

የፎቶግራፍ ተማሪ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ፍለጋ ሲዞር፣ አንዱ ፎቶ ከሌላው ለምን እንደተሻለ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል፤ ቦታውም ብርሃኑም ርቀቱም በአንድ ጊዜ ተለዋውጠዋልና። ሕንፃ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በፎቶዎቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ሁሉ ወይ ከብርሃኑ ወይ ከፎቶ አንሺው ውሳኔ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ካለው ካቴድራል ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ እየቀያየረ ያንኑ ሕንፃ ከ30 በላይ በሆኑ ሥዕሎች የሠራው ይህንኑ ልዩነት ለመያዝ ነበር።

በመጀመሪያ ሕንፃውን ይምረጡ። ዝነኛ መሆን የለበትም፤ ዋናው ነገር ሳይቸገሩ ተመላልሰው የሚደርሱበት መሆኑ ነው። በረንዳ፣ ዓምድ ወይም ወጣ ገባ ግድግዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ጥላ የሚጥል ነገር ከሌለ የብርሃኑን ለውጥ ማየት ያዳግታል። ጥበቃ ካለው አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ከዚያም ካሜራ ሳያወጡ ዙሪያውን ይዙሩና ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የትኛው ጎን እንደሆነ ይመልከቱ።

ቀጥሎ አንድ መቆሚያ ቦታና አንድ ሌንስ ይወስኑ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወይም ዙም ያልተደረገ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ከዚያው ቦታ በተለያየ ሰዓት እየተመላለሱ ያንሱ። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ማለዳ ላይ ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን ስትዳብሰው የልስኑ ስንጥቅና የጡቡ መጋጠሚያ አንድ በአንድ ጎልቶ ይወጣል፤ ያው ግድግዳ ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመታው ልሙጥ ይመስላል። በቀትር የጣሪያው ክፈፍ ጥላውን ቁልቁል ይጥልና መስኮቶቹ ጥቁር ቀዳዳ ይመስላሉ። ሰማዩ ሲደምን ጥላው ይጠፋል፤ ቅርጹና ቀለሙ ብቻ ይቀራሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ የሰማዩ ብርሃንና የመስኮቶቹ መብራት የሚመጣጠኑበት አጭር ጊዜ አለ፤ ለዚህ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይዘው ቀድመው ይድረሱ፣ ካሜራው እንዳይነቃነቅም የ2 ሰከንድ ታይመር ይጠቀሙ።

ግድግዳው ነጭ ከሆነ በፎቶው ላይ ግራጫ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚቆጥር፣ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ (exposure compensation) ወደ +1 ከፍ ያድርጉ፤ ለጥቁር ድንጋይ ተቃራኒውን ያድርጉ።

ብርሃኑን ካወቁት በኋላ ሰዓቱን ሳይለውጡ ቦታ ይቀይሩ። ተጠግተው ካሜራውን ወደ ላይ ሲያቀኑ የሕንፃው ጎኖች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ይህን ካልፈለጉ ወደ ኋላ ርቀው ወይም ትይዩ ካለ ፎቅ ላይ ሆነው ካሜራውን ሳያጋድሉ ያንሱ። ሰፊ እይታ ባለው የ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከቅርብ፣ አቅርቦ በሚያሳየው የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ከሩቅ፣ ሕንፃው በሁለቱም ፎቶ እኩል እንዲሆን አድርገው ያንሱና ከበስተጀርባው ያለውን ነገር ያወዳድሩ፤ በሁለተኛው ፎቶ ገዝፎና ተጠግቶ ይታያል። ይህን ያመጣው ሌንሱ ሳይሆን የቆሙበት ርቀት ነው።

ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና የቆሙበትን ቦታ በማስታወሻ ይጻፉ። ያልወደዱትን ፎቶ ወዲያው አያጥፉት፤ ከሚቀጥለው ጋር ሲነጻጸር ጥፋቱ የት እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ላይ መሰልቸት ይመጣል። በእኔ እምነት ሕንፃ መቀየር የሌለብዎ ያን ጊዜ ነው፤ በቀላሉ የሚታየው አለቀ እንጂ ሕንፃው አላለቀም። ይልቁንም ለራስዎ ገደብ ያብጁ፦ አንድ ቀን ጥላውን ብቻ፣ ሌላ ቀን ደረጃውን ወይም የበሩን እጀታ ብቻ ያንሱ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሰው በበሩ እስኪያልፍ ጠብቀው የሕንፃውን ትልቅነት ከሰውየው ቁመት ጋር በአንድ ፎቶ ያሳዩ።