የፒክአፕ የኋላ መስታወት ውሃ ሲያስገባ፦ ሲልኮን ከመቀባታችሁ በፊት

የደሴ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ውጭ የሚያድር መኪና ሁሉ ይፈተናል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የኋላ ወንበሩ መደገፊያ ረጥቦ፣ ሞኬቱ ሲረገጥ ውሃ እየተፋ፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ፣ ጋቢናው ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ ካገኛችሁት፣ ውሃ ከኋላ በኩል እየገባ ነው። መስከረም ሲጠባ ያልፋል ብሎ መተውም አያዋጣም። ወሎ በልግም አለው። መጋቢት ላይ ገበሬው ዝናቡን ሲመርቅ እናንተ ወንበር ስታወጡ ትገኛላችሁ።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ሲልኮን ይገዛና መስታወቱን ዙሪያውን ይለቀልቀዋል። ጥቂት ቀን ያቆመ ይመስላል። ደህና ዶፍ ሲመጣ ተመልሶ ይገባል። ውሃ የሚታይበት ቦታ ሁልጊዜ የገባበት አይደለማ። ከጣሪያው ጫፍ ይገባል፣ በጣሪያው ጨርቅ ስር ይሄዳል፣ ከዚያ በመስታወቱ ጥግ ይንጠባጠባል። መስታወቱ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

መግቢያውን ማግኘት

መጀመሪያ መኪናዋ እንዴት ቆማ እንዳደረች አስታውሱ። ደሴ ላይ ሜዳ አግኝቶ ማቆም ዕድል ነው። አፍንጫዋን ሽቅብ ወደ ጦሳ ተራራ አድርጋ ስታድር ብቻ የምትረጥብ ከሆነ፣ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ወደ ኋላ ጠርዝ እየሄደ ነው። ስለዚህ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ጠርጥሩ። ቁልቁል ስታድር ሹፌሩ አናት ላይ ጠብ የሚል ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለ፤ መስታወቱን ተዉት። «ሜዳው ኮምቦልቻ ሳድር ጠብ አይልም፣ ደሴ ስወጣ ነው» የሚል ባለመኪና አይጠፋም። ሰውየው ዝናቡን ይወቅሳል። አቋቋሙንም ቢያይ ጥሩ ነው።

ከዚያ የውሃ ሙከራ ነው። የኋላ ወንበሩን መደገፊያ አውርዱ። የጣሪያውን ጨርቅ የኋላ ጠርዝ በጥንቃቄ ዝቅ ማድረግ ከቻላችሁ አድርጉት። ሁሉን በጨርቅ አድርቁ። በመስታወቱ ዙሪያ ከውስጥ ሶፍት ለጥፉ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ እሱ ያሳያችኋል። አንድ ሰው የስልክ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ውጭ ሆኖ በጎማ ውሃ ያፍስ።

ዋናው ነገር ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው። መጀመሪያ የመስታወቱ ታችኛ ጠርዝ፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ፣ ከዚያ ላይኛው ጠርዝ፣ በመጨረሻ ጣሪያው። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉን ያረጥበዋል፣ የትኛው እንደገባ አታውቁም። የላቫጆ ማሽንም አይሁን። ያ ግፊት በጤነኛ ጎማ ውስጥም ያልፋል፣ ያለ ስሙ ስም ትሰጡታላችሁ።

ውሃ የጠፋበት ቀን ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉ፣ የአየር ማራገቢያውን የውጭ አየር እንዲስብ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ከጋቢናው ጀርባ ያሉትን የአየር ማስወጫዎች በፕላስተር ሸፍኑ። ከዚያ መስታወቱን ዙሪያውን ከውጭ የሳሙና አረፋ ቀቡ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ አረፋው ይነፋል። ፕላስተሩን ማንሳት እንዳትረሱ።

ከላይ መሃል ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ

ብዙ ፒክአፖች ሦስተኛው የፍሬን መብራት ከኋላ መስታወቱ በላይ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው። ካሶኒው መዝጊያ ላይ ያለባችሁ ይህን ክፍል እለፉት።

እኔን ብትጠይቁኝ ከመስታወቱ በፊት የምነካው እሱን ነው። በመብራቱና በላሜራው መካከል ስፖንጅ መሰል ጎሚኒ አለ። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ዓመታት ይጨፈልቁታል፣ በመጨረሻ እንደ ካርቶን ይሆናል። ምልክቱ የጣሪያው ጨርቅ ላይ፣ ከመሃል ጀምሮ የሚሰፋ ቡናማ ክብ ነው። መብራቱ ውስጥ ጤዛ ከታየ ደግሞ ምስክር አያስፈልግም።

ሥራው ቀላል ነው። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፍቱ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። አሮጌውን ጎሚኒ ፍቃችሁ ላሜራውን በአልኮል አጽዱ። አዲስ ጎሚኒ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ቢውታይል የሚባለው ጥቁር ተለጣፊ ላስቲክ ዙሪያውን ሳይቆራረጥ ይደረጋል፣ በብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያም ጭምር። ብሎኑን እኩል እኩል፣ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ሌላ ወጪ ነው። ድሮም ተሰንጥቆ ከነበረ መብራቱን ከመቀየር ሌላ መላ የለውም፤ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ይገባል።

ከታች የሚሞላ ከሆነ፣ መስታወቱም ተንሸራታች ከሆነ

ተንሸራታች መስታወት ሀዲዱ ውስጥ ውሃ መግባቱ በራሱ ብልሽት አይደለም። የገባው እንዲወጣ ተብሎ ሀዲዱ ሥር ወደ ውጭ የሚያፈሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተሠርተዋል። ችግሩ የባቲ አቧራና ካሶኒው ላይ ከተጫነው ጤፍ የሚበን ገለባ እዚያ ገብተው ጭቃ ይሆናሉ። ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሀዲዱ ይሞላል፣ ውሃው ወደ ወንበሩ ይገለበጣል።

ሀዲዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት። ቀዳዳዎቹን በለስላሳ የፕላስቲክ ክር ክፈቱ። ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ በኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ ቢነፉላችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ትንሽ ውሃ ሀዲዱ ላይ አፍስሱ። ወዲያው በውጭ በኩል መውረድ አለበት። እነዚህን ቀዳዳዎች «ውሃ የሚገባባቸው» መስሏቸው በሲልኮን የሚደፍኑ አሉ። የተደፈነ ካገኛችሁ ጥፋቱን አገኛችሁት።

ሀዲዱ ጸድቶም የሚያስገባ ከሆነ መቆለፊያውን እዩ። ላልቶ መስታወቱን ጎማው ላይ ካላስጠጋው ክፍተት ይቀራል። ጎማውን ለማለስለስ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ አትቀቡ፣ ያብጥና ይበላሻል። ለጎማ የተሠራ የሲልኮን ቅባት ይበቃል።

ከመስታወቱ ጠርዝ ራሱ ሲገባ

የመስታወት አያያዝ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌዎቹ በወፍራም ጎማ የታቀፉ ናቸው፣ አዳዲሶቹ ላሜራው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋሉ።

በጎማ የታቀፈው ጥግ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራል። ጎማውን መለወጥ ነው መፍትሔው። ባለሙያው አዲሱን ጎማ መስታወቱ ላይ ያለብሳል፣ ጎድጓዱ ውስጥ ገመድ ያስገባል፣ በሳሙና ውሃ ያለሰልሳል። ከዚያ አንዱ ከውጭ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ይስባል፣ የጎማው ከንፈር ላሜራውን እያለፈ ይገባል። ሲያዩት ደስ ይላል።

የተለጠፈው ሲለቅ ሥራው ይከብዳል። የጠጠር መንገድ ላይ ጭነት ይዞ የሚመላለስ ፒክአፕ ጋቢናው ይጠማዘዛል፣ ማጣበቂያው ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ላሜራው ሥር ዝገት ካለ ደግሞ ማጣበቂያው የያዘው ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይደለም። መስታወቱ በስስ ሽቦ ተቆርጦ ይወጣል። በካቻቢቴ ለመፈንቀል መሞከር ጅልነት ነው፤ የኋላ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ከተመታ በአንዴ ጠጠር ጠጠር ይሆናል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ይፋቃል፣ አንቲረስትና ቀለም ይቀባል፣ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ የመኪና መስታወት ማጣበቂያ ነው፤ ዩሬቴን ይባላል።

የቤት መስኮት ሲልኮንን የምጠላው እዚህ ላይ ነው። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ላሜራውን ያዝገዋል። ርዝራዡ ላይ ዩሬቴን አይያዝም፣ ስለዚህ ቀጣዩ ባለሙያ ሲፍቅ ይውላል። የሚፍቅበትንም ያስከፍላችኋል።

ከተለጠፈ በኋላ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። ሙሉ ቀን ቢያርፍ ይሻላል፤ ደሴ ላይ ብርዱ መድረቁን ያዘገየዋል። በዚያ ጊዜ የበር መስኮት ትንሽ ክፍት ይሁን። ተዘግቶ በሩ ሲወረወር የታመቀው አየር መስታወቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ሌሎች ተጠርጣሪዎች

ፖርቶመጋላ ለማሰር የተበሳ ጣሪያ፣ የአንቴና ሥር፣ የተሰነጠቀ የጣሪያ መጋጠሚያ። ከወንበሩ ጀርባ ታች ላይ ብቻ ከረጠበ ደግሞ የአየር ማስወጫዎቹን ጎማ እዩ፤ በበጋ አቧራ የሚያስገቡትም እነሱ ናቸው። የፊት ወንበር እግር ሥር ያለ ውሃ ግን ከኋላ መስታወት አይመጣም ማለት ይቻላል። የኤሲ ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኖ ይሆናል።

ማድረቅ

ሞኬቱ ከላይ ደርቆ ከሥር ያለው ስፖንጅ ሳምንታት ረጥቦ ይቆያል፣ ወለሉን የሚበላውም ያ ነው። አንስታችሁ በደረቅ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት። ከሥሩ ያሉ የሽቦ ሶኬቶችን እዩ፣ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ይጽዱ። የከሰል ምድጃ ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ለማድረቅ የሚያስብ ካለ ይተወው። ጭስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ወንበሩን ወዲያው አትመልሱት። ወለሉ ባዶውን ሆኖ አንድ ደህና ዝናብ ይለፍበት፣ መኪናዋም መጀመሪያ በረጠበችበት አቋቋም ትቁም። ደረቅ ሆና ካደረች ያኔ ብሎኑን እሰሩ።