ቤት ሲቃጠል ሊያጠፋ የገባው ሰው ራሱ እንዳይጎዳ ምን ይደረግ?

ጎንደር ላይ ቤት ተቃጠለ ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ደግ ነው፣ ግን የእሳት አደጋ መኪና እንደደረሰ "ምን ቆማችኋል ግቡ እንጂ!" የሚለው ጩኸት ነው ሰራተኛውን የሚያስበላው።

የእሳት አደጋ ሰራተኞች፣ መጀመሪያ ቤቱን ዙሩት። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቆች ስለተጣበቁ ከፊት ትንሽ ጭስ እያያችሁ ከኋላ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ጭሱ በበሩ ስር ወጣ ገባ ካለና መስታወቱ ከጠቆረ ውስጡ አየር አጥቷል ማለት ነው፣ በሩ ድንገት ከተከፈተ ይፈነዳል፣ ስለዚህ መስኮት በድንጋይ የሚሰብሩ ልጆችን አስቁሙ። ባለቤቱን ፈልጉና ሰው አለ ወይ፣ የትኛው ክፍል፣ የጋዝ ሲሊንደር የት ነው በሉት፣ መብራትም ይቆረጥ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ተጠንቀቁ። ግድግዳው ውሃውን ይጠጣና ይከብዳል፣ ልስኑ በቁራጭ በቁራጭ መላጥ ይጀምራል፣ ከላይ ደግሞ እሳቱ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ የባህር ዛፉን ወራጅ ይበላል፣ ቆርቆሮው መሀሉ ላይ ወደ ታች ጎበጥ ሲል ካያችሁ የውሃ ጎማውን ጥላችሁ ውጡ። ውጭም ቢሆን ከግድግዳው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ራቁ፣ 4 ሜትር ከሆነ 6 ሜትር ማለት ነው፣ ተመልካቹንም ጨምሮ።

ብቻውን ማንም አይግባ። ሁለት ከገቡ ሁለት ሙሉ ልብስ ለብሰው ውጭ ይጠብቁ፣ ስልክ ለመቅረጽ ሳይሆን ለማውጣት። አንድ ሰው ደግሞ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ይጻፍ።

አየር ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 45 ደቂቃ ይበቃል የተባለ በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር ጎማ እየጎተቱ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፣ በዚያ ላይ አየሩ ሲያንስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ "አሁን ልውጣ" አይባልም፣ ያኔ ውጭ መሆን ነበረባችሁ። ሲሶው ለመግባት፣ ሲሶው ለመውጣት፣ ቀሪው ለክፉ ቀን። ከጠፋችሁ ወይም መውጫ ካጣችሁ ሳታፍሩ ወዲያው በሬዲዮ ጥሩ፦ ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ምን ሆንኩ፣ ስንት አየር ቀረኝ። ከዛ ጎማውን በእጅ እየዳበሱ ወደ መጡበት መመለስ ነው።

ደሞ ልብን አትርሱ፣ አሜሪካ ውስጥ በስራ ላይ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሰራተኞች ብዙዎቹን የሚገድላቸው የልብ ሕመም ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ልብ ይደክማል፣ ስለዚህ አንድ ሲሊንደር የጨረሰ ሰው ቁጭ ይበል ውሃ ይጠጣ። እሳቱ ጠፋ ብሎም ማስኩን አያውልቅ፣ ፍሙ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለ፣ አይሸትም።